አባሪው ያልተያያዘ ድረ ገጽ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ያገለገለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ የቆየ ችግር አለ። ከዞን ወደ ወረዳ የተላከው ደብዳቤ በግርጌው «ከዚህ ጋር 4 ገጽ አባሪ ተያይዟል» ይላል፤ ፖስታው ተከፍቶ ሲታይ ግን ከደብዳቤው በቀር ምንም የለም። ደብዳቤው እንከን የለበትም። ቁጥርና ቀን አለው፤ ማኅተሙና ፊርማውም በቦታቸው ናቸው። የጎደለው አባሪው ብቻ ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ ደብዳቤው ተበላሽቷል ብሎ የሚቀድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የለም፤ ላኪው መሥሪያ ቤት ደውሎ አባሪው የት እንደቀረ ይጠይቃል።

በኮምፒዩተር በሚከፈት ድረ ገጽ ላይ ተመሳሳይ ጉድለት ሲደርስ ግን ይህን መሰሉ ማስተዋል ብዙውን ጊዜ አይታይም።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ያህል አንድ ባለሙያ በደብረ ማርቆስ ከተማ የመሥሪያ ቤቱን አዲስ ድረ ገጽ በፍላሽ ዲስክ ተቀብሎ በጮቄ ተራራ ግርጌ ወደምትገኘው ሮብ ገበያ ተጓዘ እንበል። በደብረ ማርቆስ ሲታይ ገጹ ያማረ ነበር። አርማው በላይኛው ጥግ፣ ዝርዝሩ በአረንጓዴ መደብ ላይ፣ ማስታወቂያዎቹም በየሣጥናቸው ተደርድረው ነበር። በወረዳው የስብሰባ አዳራሽ፣ የማኔጅመንት አባላት በተገኙበት፣ ያው ፋይል ሲከፈት የታየው ግን ነጭ መደብ ላይ የተደረደረ ጥቁር ጽሑፍ፣ ከሥራቸው የተሰመረባቸው ሰማያዊ ሊንኮችና ግድግዳውን በሙሉ የሸፈነ አርማ ነው። በቦታው ካሉት አንዱ «ቫይረስ ነው» ይላል። ሌላው ኮምፒዩተሩ አሮጌ በመሆኑ እንደሆነ ያስረዳል። ሦስተኛው ሠሪው ድርጅት ያልተጠናቀቀ ሥራ እንዳስረከበ ይጠረጥራል። ሦስቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ምክንያቱም ገጹ አልተበላሸም፤ አባሪው አልተያያዘም።

ጉዳዩ የመልክ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ መሥሪያ ቤት በዚሁ ምክንያት ኮምፒዩተሩን አስፎርማት አድርጎ በውስጡ የነበሩትን የሁለት ዓመት ሪፖርቶች እንዳጣ ያውቃል። ከፎርማቱ በኋላ ገጹ ሲከፈት እንደቀድሞው ራቁቱን ነበር። የጎደለው ፎልደር ከመጀመሪያውም ወደ ኮምፒዩተሩ አልተገለበጠም ነበርና።

የጎደለው ምን እንደሆነ ለመረዳት ድረ ገጽ በምን እንደሚሠራ በአጭሩ መመልከት ይበጃል። አንድ ድረ ገጽ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ፋይል ይኖረዋል። የመጀመሪያው ኤችቲኤምኤል የሚባለው ሲሆን ጽሑፉን፣ ርዕሶቹን፣ ሠንጠረዦቹንና ሊንኮቹን ይይዛል። ሁለተኛው ሲኤስኤስ ወይም የስታይል ፋይል ይባላል። ቀለሙን፣ የፊደሉን ዓይነትና መጠን፣ ሣጥኖቹ የሚቀመጡበትን ስፍራ የሚወስነው ይኸኛው ነው። ኤችቲኤምኤሉ ከራሱ አናት አካባቢ «የስታይል ፋይሌ በዚህ ቦታ ይገኛል» የሚል አንድ መስመር ይይዛል። ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ማለትም ብራውዘሩ፣ ያንን መስመር አንብቦ ፋይሉን ሄዶ ያመጣል። ካገኘው ገጹን ያለብሰዋል። ካላገኘው ደግሞ ለተመልካቹ ምንም ሳይናገር ጽሑፉን በራሱ የተለመደ አቀራረብ ያሳያል። ግራ መጋባቱን የሚያመጣው ይህ ዝምታ ነው።

ይዘትንና መልክን በየፋይሉ የመለየቱ አሠራር ድረ ገጽ ከተፈጠረ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የመጣ ነው። ቲም በርነርስ ሊ በስዊዘርላንድ በሚገኘው የአውሮፓ የኑክሊየር ምርምር ማዕከል ድርን ከጀመረ በኋላ፣ በዚያው ማዕከል ይሠራ የነበረው ኖርዌያዊው ሆኮን ዊም ሊ እ.ኤ.አ በጥቅምት ወር 1994 የስታይል ፋይልን ሐሳብ አቀረበ። የመጀመሪያው ደረጃ እ.ኤ.አ በታኅሣሥ ወር 1996 ጸደቀ። ከዚያ በፊት ቀለምና የፊደል መጠን በእያንዳንዱ አንቀጽ ውስጥ ይጻፍ ስለነበር፣ 100 ገጽ ያለው ድረ ገጽ የርዕሱን ቀለም ለመለወጥ 100 ፋይል መክፈት ይጠይቅ ነበር። አሁን የሚለወጠው አንድ ፋይል ብቻ ነው። በአንጻሩ ያ አንድ ፋይል የጠፋ ዕለት 100ውም ገጽ አብሮ ይራቆታል።

ለጎጃም ሰው ይህ ክፍፍል እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በደብረ ወርቅ የሚታዩትን የመሰሉ የብራና መጻሕፍት ሲጻፉ ቁም ጸሐፊው ጥቁሩን ቀለም ይዞ ሲወርድ ለቅዱሳን ስም የሚሆነውን ቦታ ክፍት እየተወ ይሄድና በኋላ በቀይ ቀለም ይመለስበታል። ቀዩ ሳይገባባቸው የቀሩ፣ ክፍት ቦታ የሚታይባቸው መጻሕፍትም አሉ። ልዩነቱ ቀዩና ጥቁሩ በአንድ ብራና ላይ በመሆናቸው መጽሐፉ ወደየትም ቢወሰድ የማይለያዩ መሆናቸው ነው። የድረ ገጹ ቀይ ቀለም ግን በሌላ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል። መጽሐፉን የሚያነሣ ሰው ማሰሮውንም ማንሣት ይኖርበታል።

በመሆኑም መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ቀላል ነው። ማሰሮው ተነሥቷል ወይ?

በወረዳና በቀበሌ ደረጃ በብዛት የሚያጋጥመው ጉድለት ከዚሁ የሚመነጭ ነው። ላኪው መነሻ ገጹን ብቻ በፍላሽ ገልብጦ ወይም በቴሌግራም አያይዞ ይልካል። አጠገቡ ያሉት «ሲኤስኤስ» እና «ምስሎች» የሚል ስም ያላቸው ፎልደሮች ግን ባሉበት ይቀራሉ። ከኢንተርኔት ላይ በራሱ በብራውዘሩ የተቀመጠ ገጽም እንዲሁ ነው። «ሙሉ ገጽ» ተብሎ ሲቀመጥ ብራውዘሩ ከኤችቲኤምኤሉ ጎን በዚያው ስም የሚጀምር አንድ ፎልደር ይፈጥራል። ብዙ ሰው ይህን ፎልደር እንደ ትርፍ ቆጥሮ ያጠፋዋል። ሁለቱ እንደ ቁልፍና ጋን ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ተለይቶ አይጓዝም።

ዚፕ ተደርጎ የተላከ ፋይል ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ዚፕ ፋይል ሁለት ጊዜ ሲጫን እንደ ተራ ፎልደር ተከፍቶ በውስጡ ያለውን ሁሉ ያሳያል። ተጠቃሚው መነሻ ገጹን ያያል፤ የሲኤስኤስ ፎልደሩንም ያያል፤ ሁሉም የተሟላ ይመስለዋል። መነሻ ገጹን ሲጫን ግን ዊንዶውስ ያንን አንድ ፋይል ብቻ ወደ ጊዜያዊ ማስቀመጫ አውጥቶ ይከፍተዋል። የስታይል ፋይሉ በዚፑ ውስጥ ታሽጎ ይቀራል። መፍትሔው ዚፑን በቀኝ የማውስ ቁልፍ ተጭኖ ሁሉንም ማውጣት፣ ከዚያም ከወጣው ፎልደር ውስጥ ገጹን መክፈት ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ ፎልደሩ ተሟልቶ እያለም ፋይሉ ከፋይል ማስተዳደሪያው ወይም ከቴሌግራም በቀጥታ ሲከፈት ብራውዘሩ ያንን አንድ ፋይል እንጂ ጎረቤቱን እንዲያይ የማይፈቀድለት ጊዜ ይበዛል። ስለሆነም በስልክ የተራቆተ ገጽ ታይቶ ሥራው ጎዶሎ ነው ብሎ ከመደምደም በፊት በኮምፒዩተር ላይ መመልከት ተገቢ ነው።

የፍላሽ ዲስክ ቫይረስም ሳይነሣ አይታለፍም። በየቢሮው የታወቀው ቫይረስ በፍላሹ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ይሰውርና በምትካቸው ሐሰተኛ አቋራጮችን ያስቀምጣል። የተሰወረ ፎልደር አልጠፋም፤ ገጹ ከዚያው ከፍላሹ ላይ ቢከፈት የስታይል ፋይሉን ሊያገኘው ይችላል። ጉዳቱ የሚመጣው ባለሙያው በዓይኑ የሚያያቸውን ፋይሎች ብቻ መርጦ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሲገለብጥ ነው። የተሰወሩትን ፋይሎች የማሳያ ምርጫ በፎልደሩ ዕይታ ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኝ እሱን ማብራት ነገሩን ይገልጠዋል። ሐሰተኛዎቹን አቋራጮች ግን በምንም ምክንያት መጫን አይገባም።

ሁሉም ፋይል ተሟልቶ ከተገለበጠ በኋላም ገጹ የሚራቆትበት ሁኔታ አለ። በዚህን ጊዜ አባሪው አለ፤ ችግሩ አድራሻው ላይ ነው። ጉዳዩ ሰፊ በመሆኑ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል።

ሰው መንገድ ሲጠቁም ሁለት ዓይነት አነጋገር ይጠቀማል። «ከእኛ ቢሮ ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው» ሊል ይችላል። ወይም «ከግቢው ዋና በር ገብቶ በስተቀኝ ያለው ሁለተኛው ሕንፃ ነው» ሊል ይችላል። የመጀመሪያው አነጋገር ተናጋሪው ካለበት ቦታ ይነሣል። መሥሪያ ቤቱ ከነክፍሎቹ ወደ ሌላ ሕንፃ ቢዛወር እንኳ ቀጣዩ ክፍል ቀጣይ ሆኖ ይቆያል። ሁለተኛው አነጋገር ከዋናው በር ይነሣል። ለመሆኑ የየትኛው ግቢ በር?

በኮምፒዩተር አድራሻ አጻጻፍ የዋናውን በር ሥራ የሚሠራው በመጀመሪያ ላይ የምትቀመጠው እዝባር (/) ናት። «ሲኤስኤስ/ስታይል» ተብሎ የተጻፈ አድራሻ «እኔ ካለሁበት ፎልደር ውስጥ ሲኤስኤስ ወደሚባለው ግባ» ማለት ነው። «/ሲኤስኤስ/ስታይል» ተብሎ ከእዝባር ሲጀምር ግን «ከዋናው በር ተነሣ» ማለት ይሆናል። ድረ ገጹ በሰርቨር ላይ ሲቀመጥ ዋናው በር የድረ ገጹ የራሱ ፎልደር ስለሆነ ሁለቱም አጻጻፎች ይሠራሉ። ገጹ በግል ኮምፒዩተር ላይ በቀጥታ ሲከፈት ግን ዋናው በር የዲስኩ በር ይሆናል። የሲኤስኤስ ፎልደሩ በዴስክቶፕ ላይ ካለ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ብራውዘሩ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ይፈልገዋል። የግቢው በር የተባለውን የከተማው መግቢያ መስሎት በአዲስ አበባ መውጫ በኩል ቆሞ የሚጠብቅ እንግዳ ማለት ነው።

ብዙ ባለሙያዎችን የሚያስገርመው «በፍላሹ ላይ ይሠራል፤ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገለበጥ ይጠፋል» የሚባለው ነገር ከዚሁ ሊመነጭ ይችላል። ፋይሎቹ በምንም ፎልደር ውስጥ ሳይገቡ በፍላሹ ላይ በቀጥታ ተበትነው ከሆነ የፍላሹ በርና የድረ ገጹ በር አንድ ስለሚሆኑ በብዙ ብራውዘሮች አድራሻው ይገጥማል። በኮምፒዩተሩ ላይ «አዲስ ድረ ገጽ» በሚል ፎልደር ውስጥ ሲገቡ ግን ሁለቱ በሮች ይለያያሉ። ማስተካከያው በኤችቲኤምኤሉ ውስጥ የመጀመሪያዋን እዝባር ማጥፋት ነው። ሥራው በኖትፓድ የሚሠራ ሲሆን ከደቂቃ አይበልጥም።

መነሻ ገጹ አምሮ የውስጥ ገጾቹ ብቻ የተራቆቱ እንደሆነ ምክንያቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። የውስጥ ገጾቹ በሌላ ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጡ «ካለሁበት» የሚለው አነጋገር ለእነርሱ ሌላ ስፍራን ያመለክታል። በመሆኑም አድራሻቸው በሁለት ተከታታይ የእንግሊዝኛ ነጥቦችና በእዝባር (../) መጀመር ይኖርበታል። ይህም «መጀመሪያ አንድ ፎልደር ወደ ኋላ ውጣ» የሚል ትእዛዝ ነው።

ሌላው የአድራሻ ስሕተት የሠሪውን ኮምፒዩተር አድራሻ በገጹ ውስጥ ትቶ መሄድ ነው። አንዳንድ የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራሞች ሠሪው በራሱ ዲስክ ላይ ያስቀመጠበትን ሙሉ አድራሻ፣ ከዲስኩ ፊደል ጀምሮ፣ ይጽፉታል። እንዲህ ያለው ገጽ በሠሪው ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜም ያማረ ነው፤ ከዚያ ጠረጴዛ ውጭ በየትም አያምርም። ሠሪው «እኔ ጋ ይሠራል» ሲል እውነቱን ነው፤ ተረካቢው «እኛ ጋ አይሠራም» ሲልም እውነቱን ነው። በዚህ ነጥብ ላይ የሚነሣ ጭቅጭቅ ደብዳቤ ሳይጻፍበት ሊያልቅ የሚችል ነው።

የስታይል ፋይላቸውን ከነአካቴው በራሳቸው ፎልደር ውስጥ የማያስቀምጡ ድረ ገጾችም አሉ። በአሁኑ ጊዜ ብዙ ሠሪዎች እንደ ቡትስትራፕ ያሉ የተዘጋጁ ስታይሎችንና የጉግል ፊደሎችን በውጭ አገር ካሉ ሰርቨሮች በቀጥታ ይጠራሉ። ኢንተርኔት ባለበት ቢሮ ይህ አይታወቅም። ኔትወርኩ ሲቋረጥ ግን ገጹ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተቀምጦም ይራቆታል። በ1990ዎቹ ዓ.ም ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳኔት በሳተላይት አማካይነት ወረዳዎችን ማገናኘት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ቢለወጥም፣ ግንኙነት ሁልጊዜና በሁሉም ስፍራ አለ ብሎ ማሰብ አይቻልም። ከ2015 ዓ.ም ክረምት አንስቶ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ቅጂ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ታይቷል። ከኢንተርኔት ውጭ እንዲነበብ ታስቦ የተሠራ ድረ ገጽ ስታይሉንም ፊደሉንም በራሱ ፎልደር ውስጥ ይዞ መምጣት አለበት።

የፋይል ስምን በሚመለከት ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ልዩ ትኩረት የሚሻ ነገር አለ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የለውም። በዚህም ምክንያት በላቲን ፊደል የተጻፈ የፋይል ስም በትልቅ ፊደል ይጀምር በትንሽ ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ዊንዶውስም ልብ አይለውም። አብዛኛዎቹ የኢንተርኔት ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሊነክስ ግን ሁለቱን እንደተለያዩ ስሞች ይቆጥራል። በቢሮ ሲታይ ያማረ ገጽ ሰርቨር ላይ ሲወጣ የሚራቆተው አንዳንዴ በአንዲት ትልቅ ፊደል ምክንያት ነው። በአንጻሩ እኛ የለመድነው ሌላ ልዩነት አለ። ፎልደሩ «ሥዕሎች» ተብሎ በንጉሡ ሠ ተሰይሞ በአድራሻው ላይ «ስዕሎች» ተብሎ በእሳቱ ሰ ቢጻፍ ለአንባቢ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ ናቸው። በዚያ ላይ አሮጌ የዚፕ ፕሮግራሞች በአማርኛ የተሰየሙ ፎልደሮችን ሲያወጡ ስማቸውን ወደማይነበብ ምልክት ሊለውጡት ይችላሉ። አማርኛን በገጹ ይዘት ውስጥ በሰፊው መጠቀም የሚደገፍ ቢሆንም የፋይልና የፎልደር ስም በትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ ያለ ክፍት ቦታ ቢሆን ከብዙ ጣጣ ያድናል። በኖትፓድ የተቀመጠ የስታይል ፋይል በስሙ መጨረሻ ላይ የማይታይ «ቲኤክስቲ» የሚል ቅጥያ ይዞ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ዊንዶውስ ቅጥያዎችን ስለሚደብቅ ስሙ ትክክል መስሎ ይታያል። ቅጥያዎችን እንዲያሳይ ማዘዝ ይህንንም ይገልጠዋል።

ይህን ሁሉ በግምት እየሞከሩ መድከም አያስፈልግም። የተራቆተው ገጽ በኮምፒዩተር ላይ እንደተከፈተ የኮንትሮል ቁልፍን ከዩ ፊደል ጋር መጫን የገጹን ምንጭ ጽሑፍ ያሳያል። ከላይ ካሉት መስመሮች መካከል «ስታይልሺት» የሚል ቃል የያዘው ተፈልጎ በውስጡ ያለው አድራሻ ይጫናል። ረዥም የትእዛዝ ዝርዝር የያዘ ጽሑፍ ከተከፈተ ፋይሉ በቦታው አለ ማለት ነው። ፋይሉ አልተገኘም የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ ዓይንን ወደ አድራሻው ሳጥን ማሳረፍ ይገባል። ብራውዘሩ የስታይል ፋይሉን የፈለገበት ቦታ ከነሙሉ አድራሻው እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ፋይሉ በእርግጥ ያለበትን ቦታ ከዚህ ጋር ማነጻጸር ስሕተቱን ብዙውን ጊዜ ወዲያው ያወጣዋል። ጠለቅ ብሎ ማየት የፈለገ ኤፍ 12 ቁልፍን ተጭኖ «ኔትወርክ» የሚለውን ክፍል መክፈትና ገጹን እንደገና ማስነሣት ይችላል። ያልተገኙት ፋይሎች በቀይ ይታያሉ።

ፋይሉ በቦታው እያለ ገጹ አሁንም ራቁቱን ከሆነ ቀሪዎቹ ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። ብራውዘሩ የቀድሞውን ቅጂ ይዞ ከሆነ ኮንትሮልን ከኤፍ 5 ጋር መጫን ያድሰዋል። አንዳንድ አዳዲስ የድረ ገጽ መሥሪያዎች ያወጧቸው ገጾች ደግሞ ከዲስክ ላይ በቀጥታ እንዲከፈቱ ያልታሰቡ በመሆናቸው ብራውዘሩ ለደኅንነት ሲባል ፋይሎቻቸውን ይከለክላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ገጽ በኮምፒዩተሩ ላይ አነስተኛ ሰርቨር ማስነሣት ያስፈልጋል። ፓይተን የተጫነበት ኮምፒዩተር ይህንን በአንድ መስመር ትእዛዝ ይሠራዋል፤ ምንም ዓይነት ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ ዋናው በር የድረ ገጹ የራሱ ፎልደር ስለሚሆን ቀደም ሲል የተነሣው የእዝባር ችግርም አብሮ ይወገዳል።

ከስታይል መጥፋት ጋር እየተምታታ የሚቀርብ አንድ ሌላ ቅሬታ አለ። ገጹ ቀለሙና ሣጥኑ በቦታው ሆኖ ፊደሉ ብቻ ባዶ አራት ማዕዘን ከሆነ የጎደለው የስታይል ፋይሉ ሳይሆን ግእዝን የሚያውቅ የፊደል ፋይል ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ በ1999 በወጣው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ በ2007 ለሰፊው ገበያ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ደግሞ ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፊደል ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መጥቷል። በመሆኑም ባዶ ሣጥኖቹ የሚታዩት በአሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ነው። ጽሑፉ የላቲን ፊደላትና የእንግዳ ምልክቶች ቅልቅል ሆኖ ከታየ ደግሞ ወይ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፕሮግራሞች የተጻፈ፣ ወይም ገጹ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን ያላሳወቀ ነው። ሦስቱ ሕመሞች መድኃኒታቸው የተለያየ ስለሆነ ለባለሙያ ስልክ ከመደወል በፊት የትኛው እንደሆነ ለይቶ መናገር ጊዜን ይቆጥባል።

አስቀድሞ መከላከልን በተመለከተ ሥልጣኑ ያለው በኮምፒዩተር ባለሙያው እጅ ሳይሆን በርክክብ ሰነዱ ላይ በሚፈርመው ኃላፊ እጅ ነው። እንደተለመደው ርክክቡ የሚፈጸመው ሠሪው በራሱ ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔት በተያያዘበት፣ ገጹን ከፍቶ በማሳየት ነው። ይህ ከላይ ከተዘረዘሩት ጉድለቶች አንዱንም አያሳይም። ፎልደሩ ወደ መሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ተገልብጦ፣ ስሙ ተለውጦ፣ የኔትወርክ ገመዱ ተነቅሎና ዋይፋዩ ጠፍቶ ቢከፈት ግን አብዛኞቹ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ከመነሻ ገጹ ሌላ ቢያንስ ሦስት የውስጥ ገጾች መታየት ይኖርባቸዋል። ፈተናው ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በውል ስምምነቱ ላይ «ያለ ኢንተርኔት ግንኙነት በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ሙሉ ሆኖ መከፈት አለበት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድሞ ቢገባ ደግሞ ጉድለቱን በነጻ የማረም ግዴታው የሠሪው ይሆናል።

አንድን ድረ ገጽ ከኢንተርኔት ወደ ወረዳ ወይም ወደ ትምህርት ቤት ይዘው ለሚሄዱም መሣሪያዎች አሉ። ኤችቲትራክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ድረ ገጹን ከነስታይሉና ከነምስሉ አውርዶ አድራሻዎቹን ወደ «ካለሁበት» አጻጻፍ ይለውጣቸዋል። ኪዊክስ ደግሞ ውክፔዲያን የመሰለ ግዙፍ ሥራን ሳይቀር በአንድ ፋይል ታሽጎ እንዲነበብ ያደርጋል። አንዳንድ ብራውዘሮችም ገጽን «በአንድ ፋይል» የማስቀመጥ ምርጫ አላቸው። በአንድ ፋይል ውስጥ የታሸገ ገጽ አባሪው ሊለየው አይችልም። አንድ መመሪያ ወይም አንድ ማስታወቂያ ብቻ ለማድረስ ከሆነ ግን ፒዲኤፍ በቂ ነው፤ ድረ ገጽ ማዘጋጀቱም አያስፈልግም።

በስብሰባው አዳራሽ የተራቆተው ገጽ እስከዚያው ድረስ ከንቱ እንዳልሆነም መታወስ አለበት። ይዘትና መልክ የተለያዩት፣ መልኩ በማይገኝበት ጊዜም ይዘቱ እንዲነበብ ታስቦ ጭምር ነው። ማየት የተሳናቸው ሠራተኞች በድምፅ አንባቢ ፕሮግራም የሚሰሙትም በዋናነት ይዘቱን ነው። ማስታወቂያው፣ የሚያስፈልጉት ሰነዶች ዝርዝርና የአገልግሎት ክፍያው በነጭ መደብ ላይም ቢሆን ይነበባሉ፤ ስብሰባው በእነርሱ ላይ ሊቀጥል ይችላል። በደብረ ማርቆስ የቀረው የስታይል ፎልደር ደግሞ የአነስተኛ ድረ ገጽ ከሆነ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜጋባይት በታች ነው። ኔትወርክ ካለ ዚፕ ተደርጎ በቴሌግራም ቢላክ አንድ ፎቶግራፍ ከሚወስደው የበለጠ ጊዜ አይወስድም። ተቀባዩ ዚፑን ከፍቶ ማየት ብቻ ሳይሆን ማውጣትና ከመነሻ ገጹ ጎን ማስቀመጥ ይኖርበታል።